እድር ቤት የሚዘረጋ የሰፈር ካርታ፦ ነዋሪን ስለ ከተማው ነገ ለማወያየት ለተነሳ ሠዓሊ

አዲስ አበባ ውስጥ ሠዓሊ ነዋሪ ሰብስቦ «ሰፈራችሁ ወደፊት ምን ይምሰል?» እያለ ባዶ ወረቀት ቢያድል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ አለዚያም የመንግሥት ሰው ደስ ይለዋል ተብሎ የሚገመተው። ልኩን የጠበቀ ካርታና ልካቸውን የጠበቁ የካርቶን ቁራጮች ፊቱ ሲቀርቡለት ግን ዝም ብሎ የመጣውም ሰው እጁን ይሰዳል።

ከሁሉ በፊት ወረዳ ይኬዳል። ለሰፈሩ ምን እንደታቀደ፣ የትኛው እንዳለቀና የትኛው ገና እንዳልተወሰነ የፕላን ባለሙያውን መጠየቅ ነው። የሚነሳበት ቀን በተቆረጠለት ሰፈር ምኞት መሰብሰብ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው፤ እዚያ የሚሠራው የሚፈርሰውን መመዝገብ ነው። የትብብር ደብዳቤም ይያዝ። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ያየ ነዋሪ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ቀድሞ ይነበባል።

የካርታው ልክ 1፡100 ይሁን፣ አንድ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር። 400 በ300 ሜትር የሆነ ሰፈር 4 በ3 ሜትር ባነር ይወጣዋል። በአንድ ወጥ ባነር አይታተም፤ መሃሉ ላይ የማንም እጅ አይደርስም። 1.5 በ4 ሜትር ሆኖ ለሁለት ይከፈልና በእድሩ ጠረጴዛዎች ላይ ይዘረጋል፣ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት 60 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። መሬት ላይ ከተነጠፈ እማማና አባባ ቆመው ይመለከታሉ እንጂ አይነኩትም። የሳተላይት ፎቶ ብቻውን በዚህ ልክ ስለሚደበዝዝ ፎቶው ፈዘዝ ተደርጎ ይታተምና የመንገዱና የጣሪያው መስመር በላዩ ይሳላል። የሚያብለጨልጭ ባነር ፀሐይ ላይ ዓይን ስለሚወጋ የማያብለጨልጨው፣ ማት የሚባለው፣ ይመረጣል። የሚጻፉት ስሞች ሰው የሚጠራባቸው ናቸው፦ ቦኖው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጉልቱ፣ ታክሲ መጫኛው።

የቤት ቁጥርና የሰው ስም ግን ፈጽሞ አይጻፍም። ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ወይም በደባልነት የሚኖር ቤተሰብ በካርታው ላይ ከተለየ ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል።

ቁራጮቹ ከወፍራም ካርቶን ይቆረጣሉ። ዋናው የእድሩ ድንኳን ነው፤ ተለክቶ 6 በ10 ሜትር ከሆነ ቁራጩ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ የመኪና ማቆሚያ 2.5 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ለምልክት ቆርኪ ይበቃል፣ ከሰፈሩ ግሮሰሪ በነጻ ይገኛል፤ 200 ያህሉ በሁለት ቀለም ይቀባ፣ ቀይ «አይነካ»፣ አረንጓዴ «ይለወጥ»። ቆርኪው ከማርከር የሚሻለው፣ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ስለሚነሳ ነው፣ ነፋስም ካርቶኑን እንዳይወስድ ይጫንበታል።

ጥሩው ቀን የወር መዋጮ የሚሰበሰብበት እሑድ ነው፤ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ካርታው ላይ ያጎነብሳል። መጀመሪያ ሁሉም ቤቱን ይፈልግ፣ አይቸኮል። ከዚያ ጥያቄው ስለሚያውቁት ነገር ይሁን፦ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከላል? በርበሬ ፀሐይ ላይ የት ይሰጣል? የበዓል በግ የት ይታረዳል? ቀጥሎ የወረዳው እቅድ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ተስሎ በካርታው ላይ ይነጠፍና የድንኳኑ ቁራጭ ለአንዲት እናት ይሰጣል፣ «እስቲ እማማ፣ ቦታ ይፈልጉለት» ተብሎ። ቁራጩ በመኪና ማቆሚያውና በአጥሩ መካከል አልገባ ሲል ክርክሩ ራሱ ይነሳል። አወያዩ እዚህ ላይ ዝም ማለት አለበት፤ አብዛኛው ሠዓሊ የሚያበላሸው መልሱን ለመሳል ሲቸኩል ነው።

እድር ላይ አፍ የሚከፍቱት በአብዛኛው ወንዶች አባወራዎች ናቸው። ለሴቶች ግማሽ ልክ ያለው፣ 1፡200 ካርታ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚፈላበት ግቢ ይወሰዳል፤ ቁራጮቹም ርዝመታቸውም ስፋታቸውም በግማሽ ቀንሶ ይቆረጣሉ። ተከራዮች የእድር አባል ላይሆኑ ስለሚችሉ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ቦኖው ወይም ሱቁ አጠገብ ይፈለጉ። የወረዳ ሰው መገኘቱ ካልቀረ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ከጅምሩ ከተቀመጠ ቀዩ ቆርኪ ከሳጥኑ አይወጣም።

በየግማሽ ሰዓቱ ከመሰላል ላይ፣ የሰው ፊት ሳይገባ፣ ካርታው ፎቶ ይነሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤቱ በኤ3 ወረቀት ተስሎ፣ ያልተስማሙበትም ጭምር፣ እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ቅጂ በሸኚ ደብዳቤ ለወረዳው መዝገብ ቤት ይገባል፤ የገቢ ማህተምና ቁጥር ያለበት ቀሪ የሚቀመጠው ሠዓሊው ዘንድ ሳይሆን እድሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው።