ከስትሮክ በኋላ ማሰብና ማስታወስ ሲያስቸግር፦ የደም ምርመራን በቅደም ተከተል ማሠራት

እጃቸውና እግራቸው ተመልሶ፣ ንግግራቸው ተስተካክሎ፣ ቡና ማፍላት ግን የሚያስቸግራቸው ሕመምተኞች አሉ። ቡናውን ሳያጥቡ ምጣድ ላይ ያደርጉታል፤ ውሃ የሌለበትን ጀበና ይጥዳሉ። ቤተሰብ «ረሱ» ይላል። ስትሮክ ግን ብዙ ጊዜ ከማስታወስ ይልቅ የሚጎዳው ነገርን በቅደም ተከተል ማከናወንን፣ ትኩረትንና የማሰብ ፍጥነትን ነው።

ይህን ጉዳት ብቻውን «አለ» ወይም «የለም» ብሎ የሚቆርጥ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ደም የሚጠቅመው በመጀመሪያ ታክሞ ሊስተካከል የሚችል መንስኤ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ውዱን ምርመራ ከማሠራት በፊት ተራውን አስቀድሙ።

1. አንድ ሳምንት መዝግቡ

መድኃኒት በሰዓቱ ተወሰደ ወይ? የሱቅ መልስ በትክክል ተቆጠረ ወይ? የሚታወቀው መንገድ ጠፋ ወይ? ችግሩ መቼ እንደጀመረና እየባሰ መሄዱንም ጻፉ። ሕመምተኛው በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን መዝገቡን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኢንፌክሽን፣ የሶዲየም ወይም የስኳር ማነስ፣ አዲስ ስትሮክም ሊሆን ይችላል።

2. የአእምሮ ምርመራው ይቅደም

ሞካ የሚባለው የጥያቄ ምርመራ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከ30 ይታረማል፤ ከ26 በታች መሆን ለጥርጣሬ የተለመደው መነሻ ነው። ትምህርት ያልተማረ ሰው ጤነኛ ሆኖም ዝቅ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ስለሚችል የትምህርት ደረጃውን ለመርማሪው ንገሩ፤ በሚያስብበት ቋንቋ እንዲጠየቅም አድርጉ። መነጽሩንና የጆሮ መሣሪያውን አትርሱ። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ድባቴ ይይዘዋል፤ ድባቴም የመርሳት ችግር መስሎ ስለሚታይ አብሮ ይመርመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኝ ነጥብ ብዙ አያስተማምንም፤ በ3ኛው ወር አካባቢ መደገም አለበት።

3. ተራው የደም ምርመራ

ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ሶዲየም፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የሦስት ወር ስኳር ይታዘዙ። እንደ ሁኔታው ቂጥኝና ኤች አይ ቪም ይጨመራሉ፤ ሐኪሙ ሲያነሣቸው አትቀየሙ፣ ሁለቱም አእምሮን ይጎዳሉ፣ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በቢ12 ላይ ነው። በአብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ከ200 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 ደግሞ አጠራጣሪ ነው። ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቢ12ን ይቀንሳሉ፤ ስኳርና ጨጓራ ያለበት ሰው ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል። ለምርመራ ደም ሳይሰጥ የቢ ቫይታሚን መርፌ ከተወጋ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እጥረቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ደሙ ይቅደም፣ መርፌው ይከተል። ፎሊክ አሲድ ለብቻው መጀመርም አደጋ አለው፤ የደም ማነሱ ሲሻል የነርቭ ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በአንዳንድ መሣሪያዎች የታይሮይድ ውጤትን ያዛባል፤ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ይቁም። የሦስት ወር ስኳር መጾም አያስፈልገውም፤ የደም ማነስ ካለ ወይም በቅርቡ ደም ከተሰጠ ግን ቁጥሩ ያሳስታል።

ሆሞሲስቲን (ቢ12 ወይም ፎሊክ አሲድ ሲያንስ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ከታዘዘ ቱቦውን ተከታተሉት። ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሴሎቹ መለየት አለበት። ጠረጴዛ ላይ ከዘገየ ቀይ የደም ሴሎች ሆሞሲስቲን መልቀቃቸውን ስለሚቀጥሉ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። «ከተቀዳ ስንት ሰዓት ሆነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

4. አዳዲሶቹ ጠቋሚዎች

ኒውሮፊላመንት ላይት የነርቭ ክር ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ከስትሮክ በኋላ ለሳምንታት እየጨመረ ሄዶ ለወራት ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር የሚነግረን ስትሮኩ ያደረሰውን ጉዳት ነው እንጂ «የመርሳት በሽታ ጀምሯል» ማለት አይደለም። ዕድሜና የኩላሊት ድካምም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ያለ ክሬያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) ውጤት አታንብቡት።

ፒ-ታው 217 የተባለው ከአልዛይመር ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፦ ከስትሮኩ ጎን አልዛይመር አለ ወይ? በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፒ-ታው 217ን ከአሚሎይድ (በአልዛይመር አንጎል ውስጥ ከሚከማች ሌላ ፕሮቲን) ጋር የሚያነጻጽር የደም ምርመራ ፈቅዷል፤ የተፈቀደውም ምልክት ለታየባቸውና 55 ዓመት ለሞላቸው ነው። ምልክት ለሌለው ሰው «ለማንኛውም» ተብሎ አይሠራም። ኩላሊት ሲደክም ይህም ከፍ ይላል። ምርመራው በአቅራቢያችሁ ከሌለ ለእሱ ብላችሁ ሕክምናውን አታዘግዩ፤ የደም ግፊትና የስኳር ቁጥጥሩ ያለ እሱም ይጀመራል።

5. ድጋሚ ሲሠራ

አዳዲሶቹ ጠቋሚዎች ከመሣሪያ መሣሪያ ቁጥራቸው ስለሚለያይ በዚያው ላብራቶሪ አስደግሙ፤ ወረቀቱን ከቀኑና ከመለኪያው ጋር አስቀምጡ። እጥረት ተገኝቶ ከታከመ ከጥቂት ወራት በኋላ ደሙም ሞካውም ይደገም። ሕመምተኛው መልሱን ሸምድዶት ሊሆን ስለሚችል የተለየ የሞካ ቅጽ ካለ በእሱ ይጠየቅ። የቤቱን መዝገብም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡናው በቅደም ተከተሉ መፈላት ከጀመረ ሐኪሙ ሊሰማው ይገባል።