ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም፦ ከጅማ ሆኖ ለኢነርጂ ድርጅት ፍሮንትኤንድ መሥራት

ኪሎዋትንና ኪሎዋት ሰዓትን ሳትለዩ ለዚህ ሥራ፣ ማለትም ደንበኛው የሚያየውን ገጽ በኮድ ለመሥራት፣ ቃለ መጠይቅ እንዳትገቡ። ሪአክት የሚባለውን የገጽ መሥሪያ የሚያውቅ ሞልቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ሳይጠፋ ሁለት ሰዓት እንጀራ ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ። የመጀመሪያው አሁን ምን ያህል እየሳበ እንደሆነ ነው፤ በመስመር ይሣላል። ሁለተኛው የተበላው ድምር ነው፤ በዓምድ ይሣላል፤ ሂሳብ የሚመጣውም በእሱ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ አመልካች ኢንጂነሮች ፊት ብዙ አይቆይም።

እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ ኮዱ በኋላ መጣ። አሁን ጅማ ቁጭ ብዬ የምሠራው ለፋብሪካና ለሕንፃ ስማርት ቆጣሪ (ንባቡን ራሱ በኔትወርክ የሚልክ) ለሚያቀርብ ድርጅት ነው፤ ከደንበኞቹ የሚበዙት አውሮፓ፣ ጥቂቶቹ እዚሁ አገር ናቸው።

ቆጣሪ «ዛሬ ይህን ያህል ተበላ» ብሎ አይነግራችሁም። እንደ መኪና ኪሎሜትር እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ቁጥር ይልካል፤ ፍጆታው የሁለት ንባቦች ልዩነት ነው። በየ15 ደቂቃው ከሆነ በቀን 96፣ በዓመት 35,040 ንባብ ይመጣል። ይህን ሁሉ ስልክ ላይ አትሣሉ። ስትቀንሱት ግን አማካይ ብቻ አትውሰዱ፤ ጊዜውን ከፋፍላችሁ ከየክፍሉ ትንሹንና ትልቁን አስቀሩ፤ የፋብሪካ ባለቤት የሚፈልገው ጭነቱ ጣሪያ የነካበትን ሰዓት ነውና። ቆጣሪ ሲቀየር ደግሞ ቁጥሩ ከታች ይጀምርና ልዩነቱ ኔጋቲቭ ይወጣል። በኮድ አፍናችሁት አትለፉ፤ ባክኤንዱ (ከገጹ ጀርባ ንባቡን የሚያቀብለው ክፍል) ቆጣሪው የተቀየረበትን ሰዓት እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ኔትወርክ ሲቋረጥ ንባብ አይደርስም። ያልደረሰ ንባብ ዜሮ አይደለም። ጃቫስክሪፕት ግን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው፤ ነምበር በሚባለው ወደ ቁጥር መቀየሪያ ውስጥ ነል («ምንም የለም» ማለት ነው) ብታስገቡ 0 ይመልሳል፣ ባዶ ጽሑፍም ብታስገቡ 0። ስለዚህ ከኤፒአይ (ገጹ ከባክኤንዱ ንባብ ከሚቀበልበት በር) የመጣውን ገና በር ላይ ለዩት፤ «ዜሮ»፣ «አልደረሰም» እና «መብራት ጠፍቷል» ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ይሁኑ። አንዳንድ ቆጣሪ መብራት ሲሄድ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻ መልእክት ስለሚልክ ሦስተኛውን ማወቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከግራፍ መሣያዎቹ ኢቻርትስ ላይ ኮኔክት ነልስ፣ ቻርት ጄኤስ ላይ ስፓን ጋፕስ የሚባለውን አታብሩ፤ ክፍተቱን ዘሎ መስመር ያገናኛል፣ ያልተለካውን እንደተለካ አድርጎ።

ለምን ይህን ያህል እንደምነዘንዝ ልንገራችሁ። የቡና መቀሸሪያ ላላቸው አንድ ሐጂ ሁለት የሙከራ ሥዕል አሳየኋቸው። መስመሩ ወደ ዜሮ የወረደበትን አይተው፣ «ከሰዓት ማሽኑ ቆሞ ነበር እንዴ? ልጆቹ ሠርተናል ነው ያሉኝ!» አሉ፤ ስልክ ሊደውሉም ነበር። ሁለተኛው ላይ ቦታው በግራጫ ተቀብቶ «ንባብ አልደረሰም» ይላል። «ነው እንዴ? ኔትወርክ ነዋ» አሉና አለፉት። አንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ሊያጣ የሚችለው እናንተ በጻፋችሁት አንዲት መስመር ኮድ ነው። ደግሞ ክፍተቱን ባዶ ብቻ አትተዉት። ከክፍተቱ በፊትና በኋላ ያለው ንባብ ካለ ድምሩ ይታወቃል፣ በየሰዓቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ብቻ ነው የማይታወቀው፤ ግራጫው ላይ ድምሩን ጻፉት። ቆጣሪው ያጠራቀመውን ዘግይቶ ሲልክ ደግሞ ገጹ ራሱን ያድስ።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ያስቀምጣል፤ የእኛ እኩለ ሌሊት እዚያ ያለፈው ቀን 21:00 ነው፤ ሳታስቡት ከደመራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉት የሦስት ሰዓታት ፍጆታ ወደ ትናንት ይሻገራል። አውሮፓ ሰዓት በሚቀየርበት ቀን ቀኑ 23 ወይም 25 ሰዓት ይሆናል፣ ንባቡም 92 ወይም 100፤ ኮዳችሁ ውስጥ 96 ብላችሁ የጻፋችሁት ያኔ ይሰበራል። ለአገር ውስጥ ደንበኛ አሳሹ ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል የቀንና የሰዓት መጻፊያ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ያውቃል፤ ሰዓቱን ግን ስድስት ወደ ኋላ የምትመልሱት ራሳችሁ ናችሁ። ወራትን ስታወዳድሩ ጳጉሜን አትርሱ፤ ካልሆነ በ5 ቀኗ የቁጠባ ሻምፒዮን ትሆናለች። ጅማ ገጹን በአፋን ኦሮሞም ይፈልገዋል፤ ቃላቱ ስለሚረዝሙ የቁልፉን ስፋት በአማርኛው አትወስኑ።

ከገጹ ላይ ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ቁልፍ እንድትሠሩ ከተሰጣችሁ፣ ሌላ ቦታ የለመዳችሁትን ፍጥነት እርሱት። እንደ ላይክ ወዲያው ቀለም አትቀይሩ። «ተልኳል»፣ «ቆጣሪው ተቀብሏል»፣ «ተፈጽሟል» ብላችሁ ለዩ፤ ማረጋገጫ ካልመጣ «አልታወቀም» በሉ። አንድ ቴክኒሻን ያንን ጽሑፍ አምኖ ሽቦ ሊነካ ይችላል።

ስለ ጅማ ኑሮ ብዙ አልልም። ግልገል ጊቤ 1 ጎረቤት ነው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል፤ ክረምት ላይ የሰፈር መስመር ላይ ለወደቀ ዛፍ ግን መድኃኒት አይሆንም። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። የአንድ ቀን ንባብ በፋይል አስቀምጣችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ የሚያጫውት የውሸት ሰርቨር አዘጋጁ፤ ኢንተርኔት ሲሄድ ሥራው አይቆምም።

ለማመልከት የሚያምር የገጽ ንድፍ አትላኩ። የቤታችሁን ቆጣሪ ለጥቂት ሳምንታት ጠዋትና ማታ አንብባችሁ በጄሰን (ኮድ በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) ፋይል አስቀምጡ፣ ሆን ብላችሁ ሁለት ቀን ዝለሉ፣ ከዚያ ሣሉት። ቃለ መጠይቅ ላይ የዘለላችሁትን ቦታ ከፍታችሁ ለምን እንደዚያ እንደሣላችሁት አስረዱ።