ከስልክ እስከ ሰፊ ስክሪን ራሱን የሚያስተካክል የፎቶ ግሪድ አሰራር

የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችን እንበል። የ20 ቀሚስ ፎቶ አንስታለች፤ አንድ ገጽ ላይ ደርድራ ማሳየት ትፈልጋለች። አብዛኛው ደንበኛ የሚያየው በስልክ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚያይም አይጠፋም። ገጹ ሁለቱም ጋ ማማር አለበት።

ብዙ ሰው ስራውን የሚጀምረው "ስልክ ላይ ስንት ኮለም ላድርግ? ታብሌት ላይስ? ላፕቶፕ ላይስ?" ብሎ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የተለየ ሚዲያ ኩዌሪ (በተወሰነ የስክሪን ስፋት ላይ ብቻ የሚሠራ ትእዛዝ) ይጽፋል፤ ያላሰበው ስፋት ያለው ስልክ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቁጥር መነካካት ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ ፎቶ እስከ ስንት ፒክስል ቢጠብ ነው ቀሚሱ አሁንም በደንብ የሚለየው? ይህን ከወሰናችሁ የኮለሙን ብዛት ብራውዘሩ ራሱ ይቆጥርላችኋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የኮድ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኤዲተር ላይ ስትጽፉ ግን በላቲን ፊደል ነው።

ኤችቲኤምኤሉ፣ ማለትም ገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ የሚጻፍበት ኮድ፣ ቀላል ነው። አንድ ዲቭ (ሌሎችን የሚይዝ ሳጥን) ክፈቱ፣ ክላሱን (መጠሪያ ስሙን) "ጋለሪ" በሉት፣ ፎቶዎቹን ውስጡ ደርድሩ። ከየፎቶው ስር ስምና ዋጋ መጻፍ ከፈለጋችሁ ፎቶውንና ጽሑፉን አብራችሁ በፊገር ታግ ጠቅልሏቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ፊገር ግራና ቀኝ 40 ፒክስል ማርጂን (ከውጭ በኩል ባዶ ቦታ) ይዞ ነው የሚመጣው። ዜሮ ካላደረጋችሁት ፎቶዎቹ ጭምድድ ብለው ይቀራሉ። የቦዲውንም (የሚታየውን የገጹን ክፍል) ማርጂን አብራችሁ ዜሮ አድርጉት። ሄድ (የማይታየው የገጹ መግቢያ ክፍል) ውስጥ ደግሞ የቪውፖርት ሜታ ታግ መኖሩን እዩ፤ ስፋቱ "ዲቫይስ-ዊድዝ" ይሁን። እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል አካባቢ ስፋት ባለው ስክሪን ላይ እንዳለ ቆጥሮ ሁሉን ነገር አሳንሶ ያሳያል።

አሁን ሲኤስኤሱ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ። ለጋለሪው ዲስፕሌይ "ግሪድ" ስጡት። ፓዲንግ (ከውስጥ በኩል ያለው ባዶ ጠርዝ) ግራና ቀኝ 16 ፒክስል፣ ጋፕ (በፎቶዎቹ መሃል ያለው ክፍተት) 8 ፒክስል። ከዚያ ዋናው መስመር ይመጣል፤ "ግሪድ-ቴምፕሌት-ኮለምንስ" ይባላል። ከሱ ቀጥሎ "ሪፒት" ብላችሁ ቅንፍ ክፈቱ። ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ "ኦቶ-ፊል"፣ ኮማ፣ ቀጥሎ "ሚንማክስ"። በሚንማክስ ቅንፍ ውስጥ 160 ፒክስል፣ ኮማ፣ 1 ኤፍአር። ለብራውዘሩ ያላችሁት ይህን ነው፦ የሚገባውን ያህል ኮለም ደርድር፣ ማንኛውም ከ160 አይጥበብ፣ የተረፈውን ቦታ እኩል አካፍላቸው።

ሒሳቡን እንየው፤ ግሪድ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ለብራውዘሩ የሚነግሩት ስፋት 360 ፒክስል ነው። ፓዲንጉ 32 ይወስዳል፣ 328 ይቀራል። ሁለት ኮለም 320፣ መሃላቸው 8፤ ድምሩ 328። ልክክ ብሎ ገባ! አሁን "ትንሽ ይተንፍስ" ብላችሁ ጋፑን 12 አድርጉት። 332 ሆነ። በ4 ፒክስል ምክንያት ሁለተኛው ኮለም ቦታ አጣ፤ አንድ ቀሚስ ብቻውን ስክሪኑን ይሞላል፣ ደንበኛም ስታንሸራትት ትውላለች። ስለዚህ ጋፑን 12 ካደረጋችሁ ዝቅተኛውን ስፋት ወደ 150 አውርዱት፤ ከዚህ በኋላ የምናሰላው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ያው 150 ግን 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ላይ 7 ኮለም ያወጣል። ለልብስ ይበዛል፤ ጨርቁ አይለይም። እዚህ ጋ አንዲት ሚዲያ ኩዌሪ ብትጽፉ አልቆጣም፦ ከ900 ፒክስል በላይ ሲሆን ዝቅተኛው 240 ይሁን። 4 ኮለም ይሆናል፣ ያምራል።

"ኦቶ-ፊል" ያልኩት በምክንያት ነው። "ኦቶ-ፊት" የሚባል ወንድም አለው። ደንበኛዋ "ቀይ" ብላ ፈልጋ ሁለት ቀሚስ ብቻ ቢወጣ፣ ኦቶ-ፊት ሁለቱን ለጥጦ ሰፊውን ስክሪን ይሞላባቸዋል። ኦቶ-ፊል መጠናቸውን ይጠብቃል። ለሱቅ ኦቶ-ፊል ይሻላል።

ቀጥሎ ፎቶዎቹ። ዊድዝ 100 ፐርሰንት፣ ሃይት "ኦቶ"፣ "ኦብጀክት-ፊት" ደግሞ "ከቨር" አድርጉ፤ ፎቶው ሳይጣመም ቦታውን ይሞላል፣ ትርፉ ይቆረጣል። "አስፔክት-ሬሾ" (የወርድና የቁመት ምጥጥን) ላይ ብዙዎች 1 ለ 1 ይሰጣሉ፤ ካሬ ሲደረደር ንጹሕ ይመስላል። ለሐበሻ ቀሚስ ግን አይሆንም። ቁመቷን ሙሉ ቆማ የተነሳች ሞዴል በካሬ ስትቆረጥ የሚሄደው ከላይ ጭንቅላቷ፣ ከታች የቀሚሱ ጥለት ነው። ገዢ የሚያየው ጥለቱን አይደል? 3 ለ 4 ስጡት። አብዛኛው የስልክ ካሜራ ቀጥ ብሎ ሲያዝ የሚያነሳው በዚሁ መጠን ስለሆነ ምንም አይቆረጥም። ከሌላ ካሜራ የመጣና ረዘም ያለ ፎቶ ካለ "ኦብጀክት-ፖዚሽን" ላይ "ቦተም" ብላችሁ ግርጌውን አስቀሩ።

ክብደቱንም አትርሱ። በቀጥታ ከስልክ የወጣ ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ሊሆን ይችላል። አንዱ 3 ሜጋባይት ቢመዝን፣ 20ው 60 ነው። ይህን በሞባይል ዳታ ማን ይጠብቃል? ከላይ ባሰላነው ግሪድ ፎቶው ስልክ ላይ 158 ፒክስል ነው የሚይዘው፤ ስክሪኑ ሦስት እጥፍ ጥራት ቢኖረው እንኳ 474 ይበቃዋል። ኮምፒውተሩም ላይ 283 ገደማ ነው፣ እጥፉ 566። ስለዚህ ሁሉንም ወደ 600 በ800 አሳንሱ፣ በዌብፒ (ክብደቱ ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ለየስክሪኑ የተለያየ ፋይል ማዘጋጀት የሚባለው ነገር ለዚህ ገጽ ትርፍ ድካም ነው።

በየፎቶው ታግ ላይ ዊድዝ 600፣ ሃይት 800 ብላችሁ ጻፉ፤ ፎቶው እስኪመጣ ቦታው ስለሚያዝ ገጹ አይዘልም። ሎዲንግን "ሌዚ" (ሰው ወደ ፎቶው ሲቀርብ ብቻ የሚጫን) አድርጉ፣ ገጹ ሲከፈት ከሚታዩት ከመጀመሪያዎቹ አራት በስተቀር። "ኦልት" (የፎቶው መግለጫ ጽሑፍ) ላይ "ፎቶ 7" ብላችሁ አትለፉ፤ "አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ" በሉ። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ የሚያነብለት እሱን ነው፤ ኔትወርክ ተቆራርጦ ፎቶው ቢቀርም የሚታየው እሱ ነው።

ለመፈተሽ ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጫኑና የስልክ ምልክቷን ንኩ። ስፋቱን ከ320 ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጎትቱ። 320 ላይ አንድ ኮለም ብቻ ይታያል፤ 344 ላይ ሁለተኛው ይገባል። በመጨረሻ በእውነተኛ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በዳታ ክፈቱት።