የትናንሽ ደሴቶችን የወረቀትና የካርቶን ገቢ ንግድ ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴንት ሄሌና ውስጥ 4,400 ያህል ሰው ይኖራል፤ ካይማን ደሴቶች ውስጥ ከ80,000 በላይ። ሁለቱም የብሪታንያ ግዛቶች ናቸውና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያጓጓል። ነገር ግን እንዲህ ባሉ ቦታዎች አንድ ኮንቴይነር የዓመቱን አኃዝ ይቀይራል። በትልቅ አገር ድምር ውስጥ ተውጦ የሚቀር የአመዳደብ ስህተት እዚህ የጥናቱ ግኝት መስሎ ቁጭ ይላል።

ምዕራፍ 48ን «ወረቀት በሙሉ» ማለት

በጉምሩክ ታሪፍ (ዕቃዎችን በምዕራፍና በቁጥር ኮድ የሚመድበው ዝርዝር) ወረቀትና ካርቶን ምዕራፍ 48 ላይ ናቸው። ውዳቂ ወረቀት ግን 47 ውስጥ (ኮድ 4707)፣ መጽሐፍና ጋዜጣ 49 ውስጥ ይገባሉ። ጋዜጣውን እዚያው የሚያትም ደሴት ጥቅል ወረቀት ያስገባና 48 ላይ ይታያል፤ ታትሞ የሚመጣለት ደሴት 49 ላይ። አንባቢው ያው ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) «ወረቀትና ካርቶን» የሚለው ደግሞ በቶን የሚለካውን ያልተሠራበትን ወረቀት ነው፤ የተዘጋጀ ካርቶንና ደብተር የሉበትም። አንዱን ደሴት ከፋኦ፣ ሌላውን ከጉምሩክ ወስዶ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

የዳይፐሩን ዝውውር አለማየት

በብዛት የሚታለፈው ይህ ነው። እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) የታሪፍ ማሻሻያ ድረስ የወረቀት ዳይፐርና የሴቶች ንጽህና መጠበቂያ በምዕራፍ 48 ውስጥ ኮድ 4818.40 ላይ ይመዘገቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 9619 ተዛውረዋል። ፋብሪካ በሌለው ደሴት ሶፍትና ዳይፐር የምዕራፉ ትልቅ ድርሻ ስለሆኑ መስመሩ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ ጸሐፊውም «የወረቀት ፍጆታ ቀነሰ» ይላል። ሁሉም ደሴቶች አዲሱን ታሪፍ በአንድ ዓመት አልጀመሩምና ቅናሹ አንዱ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መረጃውን በስድስት አሃዝ ኮድ ያውርዱ፣ እያንዳንዱ ዓመት በየትኛው የታሪፍ እትም እንደተመዘገበ ይዩ፣ ከቀድሞዎቹ ዓመታት 4818.40ን ቀንሱና ያወዳድሩ። 9619ን 48 ላይ መደመር ግን አያዋጣም፤ ከጨርቅና ከሌላ ነገር የተሠሩትም እዚያው አሉበት።

ዕቃ ይዞ የመጣን ካርቶን መርሳት

በታሪፉ አተረጓጎም ደንብ 5 መሠረት የተለመደ ማሸጊያ ከያዘው ዕቃ ጋር ይመደባል። ቢራ የያዘ ካርቶን ቢራ ነው፤ በካርቶን ሳጥኖች ኮድ 4819 ላይ የሚታየው ባዶውን የገባ ብቻ። ስለዚህ ዓሣ አሽጎ ወደ ውጭ የሚልክ ደሴት በ4819 ይገዝፋል፤ ሁሉን ነገር ታሽጎ የሚቀበል የቱሪስት ደሴት ያንሳል፣ የካርቶን ክምሩ ግን ከቆሻሻ መጣያው አልፎ ይታያል።

በነዋሪ ብቻ ማካፈል

አሩባ 107,000 ገደማ ነዋሪ አላት፤ በዓመት የሚያድሩባት ጎብኚዎች ከሚሊዮን ያልፋሉ። ሶፍቱን እነሱም ይጠቀማሉ። ጎብኚውን በአማካይ ሌሊት አባዝቶ ለ365 ማካፈል ይበቃል፦ 1,000,000 ሰው ሰባት ሌሊት ቢያድር 19,000 ተጨማሪ ነዋሪ እንደማለት ነው።

ክብደቱንና ገንዘቡን ሳይፈትሹ መቀበል

ባለ 80 ግራም ኤ4 አንዱ ሉህ 5 ግራም ነው፤ ደስጣው (500 ሉህ) 2.5 ኪሎ፣ አምስት ደስጣ የያዘው ካርቶን 12.5 ኪሎ። 1,000 ደስጣ ተብሎ 250 ኪሎ ከተጻፈ አንድ ዜሮ ወድቋል። ዋጋውን ለኪሎ አካፍለው ይዩ፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በኪሎ 20 ዶላር ከወጣ ጥፋቱ የመዝገቡ ነው። ከዓለም ንግድ መረጃ ቋቶች ኮምትሬድ በዶላር፣ ትሬድ ማፕ በሺህ ዶላር እንደሚያወጡም አይዘንጉ።

የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር በ2.70 ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ታስሯል። የኒው ካሌዶኒያ ፍራንክ ግን የተጣበቀው ከዩሮ ጋር ነው (119.33 ፍራንክ ለአንድ ዩሮ)። ዩሮ ሲጠነክር አንድ ሉህ ሳይጨመር የኒው ካሌዶኒያ ገቢ ንግድ በዶላር ያድጋል።

የላኪን አኃዝ እንደ ተቀባይ መቁጠር

ሪፖርት የማያቀርብ ደሴት በላኪዎቹ መዝገብ ይሞላል። ላኪ የሚጽፈው ኤፍ.ኦ.ቢ (በመነሻ ወደብ ያለውን ዋጋ) ነው፣ ተቀባይ ሲ.አይ.ኤፍ (በመድረሻ ወደብ ያለውን ዋጋ)፤ ልዩነቱ የባሕር ኪራይና መድን ነው። «10 በመቶ እንጨምርበት» የሚለው ልማድ ለሶፍት አይሠራም፤ ኮንቴይነሩ ሳይከብድ ስለሚሞላ ኪራዩ ከዋጋው አንጻር ብዙ ነው። ለሴንት ሄሌና በኬፕታውን በኩል የሚያልፍ ዕቃም ደቡብ አፍሪካ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። የፓስፊክ ደሴቷ የቶከላው የአገር ኮድ «ቲኬ»፣ የቱርክ «ቲአር» ነው፤ መዝጋቢው አንድ ፊደል ቢስት ጥቂት ሰው ብቻ ያለበት ደሴት ለብዙ ዘመን የሚበቃ ወረቀት ያስገባ ይመስላል። ለነዋሪ አካፍለው ካልሆነ አይታወቅም።

ድንበሩን አለመጠየቅ

ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች በአሜሪካ የንግድ አኃዝ ውስጥ ናቸው፤ ጉዋም ግን ውጭ ናት። ከዋናው ምድር ወደ ፖርቶ ሪኮ የሚሄደው ወረቀት እንደ ገቢ ንግድ ስለማይቆጠር በሌላ ሰንጠረዥ ይፈለጋል። ኩራሳውንና ሌሎች ደሴቶችን ያቀፈው የኔዘርላንድስ አንቲልስ ጥቅምት 10 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) ፈርሷል፤ ከዚያ በፊት ያለውን ድምር ከኩራሳው ብቻ ጋር ማያያዝ የሐሰት ውድቀት ይፈጥራል።

ባዶውን ዜሮ ማለት

ባዶ ሕዋስ «አልተዘገበም» ነው። አንድ መርከብ በታኅሣሥ ፈንታ በጥር ከደረሰ ዓመቱ ይዛባልና የሦስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ። ለነዋሪ ሲያካፍሉም የዚያኑ ዓመት ሕዝብ ይጠቀሙ፦ ሞንትሰራት እሳተ ገሞራው በ1995 ከጀመረ በኋላ ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላዩን አጥታለች።