የፈረንጅ ላም ከማስገባት በፊት፦ ለአነስተኛ አርሶ አደር የተጻፈ መመሪያ

በኢትዮጵያ ካሉት 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብቶች ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዛሬም የአገር ዘር ናቸው። በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና በተለምዶ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ሥራ ጀምሮ ዲቃላ ጊደሮችን፣ ማለትም ከፈረንጅና ከአገር ዘር የተወለዱትን፣ ለአርሲ ገበሬዎች ማዳረስ ከያዘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሆኖም የተዳቀሉት ከብቶች ድርሻ ገና ከመቶ ሦስት እጅ ብዙም አልራቀም። ይህን ያዩ ሰዎች ጥፋቱን በገበሬው ላይ ያላክካሉ፤ አዲስ ነገር አይቀበልም ይሉታል። ነገሩን ከቅርብ የተመለከተ ግን ገበሬው ዲቃላ ላም ያስገባበትም ሆነ ያላስገባበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በሚገባ የተሰላ መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ላሟ ለምን እንደተፈለገች ከመለየት ነው፤ ምክንያቱ ሲለይ የዘሩ ዓይነት፣ የፈረንጅ ደሙ መጠንና የመኖው ዝግጅት አብረው ይለያሉና።

ምክንያትን መለየት

በሰላሌ፣ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በአሰላ ዙሪያ ዲቃላ ላም የሚያረባ ገበሬ ከሚያነሣቸው ምክንያቶች ዋናው የግጦሽ መጥበብ ነው። አባቱ አሥር ከብት ያሰማራበት መስክ ዛሬ ታርሷል፣ ወይም ለልጆች ተከፋፍሏል። በቀን በአማካይ 1 ሊትር ተኩል ገደማ የምትታለብ፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን በአራት ወይም በአምስት ዓመቷ የምትወልድና ሁለተኛዋን ለመድገም ሁለት ዓመት የሚፈጅባት የሐበሻ ላም በሰፊ መስክ ከብዙ ጓደኞቿ ጋር ስትሰማራ ታዋጣለች፤ በጓሮ ታስራ መኖ ሲገዛላት ግን ወጪዋን አትችልም። ግማሽ ደሟ የፈረንጅ የሆነች ላም በአንጻሩ በደህና አያያዝ በቀን ከ8 እስከ 10 ሊትር ልትሰጥና በሦስት ዓመቷ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። ገበሬው ብዙ ከብት በጥቂት ከብት የሚተካው በዚህ ስሌት ነው።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ የሚገባበት ጊዜ ነው። ሰብል በዓመት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ወተት ግን ወደ ወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከገባ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ይከፈልበታል። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተርና ለሕክምና ሲባል እህሉን ያለጊዜው ወደ ገበያ ያወጣ የነበረ ቤተሰብ በወተቱ ገንዘብ ጎተራውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። በደጋው ገጠር ወተት መናጥና ቅቤ ገበያ ማውጣት የሴቷ ሥራ ነው፤ የቅቤው ገንዘብም በእጇ ይቆያል። ጥሬ ወተት ለማኅበር መሸጥ ሲጀመር ግን ክፍያው በአባሉ ስም፣ ማለትም በአብዛኛው በባልየው ስም ይወጣል። በረት የምትጠርገው፣ ውኃ የምትቀዳውና ጥጃ የምታጠባው እሷ ሆና ገቢው ከእጇ ከወጣ፣ ላሟ በቤቱ ውስጥ የምታገኘው ትኩረት መቀነሱ የማይቀር ነው። ባልና ሚስት ላሟ ከመግባቷ በፊት በዚህ ቢነጋገሩ፣ የሚቻል ከሆነም ሚስት ራሷ የማኅበሩ አባል ብትሆን፣ ከማናቸውም ምክር በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ወተት ወይስ ቅቤ

ዘሩ የሚመረጠው ገበያው ታውቆ ነው። የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ በእግር አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ካለ፣ ብዙ ሊትር የምትሰጠው የሆልስታይን ፍሪዥያን ዲቃላ ትመረጣለች። ጣቢያ በሌለበት፣ ወተቱ ተንጦ በቅቤ መልክ ብቻ ወደ ገበያ በሚወጣበት ቦታ ግን የጀርሲ ዲቃላ ትሻላለች። የፍሪዥያን ወተት ቅባቱ ከ4 በመቶ በታች ሲሆን፣ የጀርሲ 5 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ጀርሲ በአካሏም አነስ ያለች ስለሆነች የምትበላው መኖ ይቀንሳል። ያገሬው ሰው «የፈረንጅ ላም ወተት ቀጭን ነው፣ ቅቤ አይወጣውም» ሲል ያለ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ለቅቤ ገበያ የፍሪዥያን ዘር መምረጡ ላይ ነው።

ቦታውም ይወስናል። ደጋና ወይና ደጋ ለእነዚህ ዲቃላዎች ይስማማቸዋል። ሙቀቱና መዥገሩ በበዛበት ቆላ፣ በተለይም ቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ በሚያስተላልፍባቸው ሸለቆዎች፣ የፈረንጅ ደም ማስገባት ገንዘብን ገደል መክተት ነው። እዚያ ያለ አርቢ ከቦረናው፣ ከፎገራው ወይም ከበጋይቱ ዘር ወተተኛዋን እየመረጠ ቢያራባ ይሻለዋል።

መኖው ከላሟ ይቀድማል

አንድ ላም በቀን የምትበላው ደረቅ መኖ ከክብደቷ 3 በመቶ ገደማ ነው ብለን እናስላ። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ በቀን 12 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 44 ኩንታል ገደማ ትፈልጋለች ማለት ነው፤ ይህም የሁለት ሐበሻ ላሞች ቀለብ ነው። የድርቆሽ ክምሩንና የጭድ ጎተራውን ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያይቶ ክፍተቱን በግልጽ ያላየ ሰው ላም ፍለጋ ገበያ መውጣት የለበትም። በከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችም ለወላጆቻቸው ላም መግዣ ሲልኩ፣ የአንድ ዓመት የመኖ ወጪ አብረው ካልላኩ ስጦታው ዕዳ ሊሆን እንደሚችል ያስቡበት።

ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አያወርድም። በጓሮ ዳርና በእርከን ላይ የዝሆኔ ሣር ወይም ደሾ፣ በአጥር ዙሪያ ሰስባንያ ወይም ትሪ ሉሰርን የተባሉትን የመኖ ዛፎች መትከል፣ ውኃ ባለበት አልፋልፋ መዝራት ይገባል፤ ይህም ላሟ ከመምጣቷ ቢያንስ አንድ ክረምት አስቀድሞ የሚሠራ ነው። የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ በዩሪያ ሲታከም ይለሰልሳል፣ የፕሮቲን ይዘቱም ይጨምራል። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ በደንብ ይሟሟል፤ በጭዱ ላይ በየንጣፉ እየተረጨ ይረገጣል፤ ከዚያም አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ተሸፍኖ 21 ቀን ይቆያል። ለከብቷ ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እንዲወጣለት መናፈስ አለበት። ያልሟሟ ዩሪያ መርዝ መሆኑን፣ ለትንንሽ ጥጆችም ይህ ጭድ እንደማይሰጥ መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ በላይ ለየሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ ይጨመራል። የኑግ ፋጉሎ ሲገዛ መሰበርና መሽተት አለበት፤ እርጥበት ነክቶት የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ መርዙም በወተቱ በኩል ወደ ልጆች ያልፋል። ውኃ ደግሞ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። የምትታለብ ዲቃላ በቀን ከ60 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ወንዝ ወርዳ የምትመለስ ላም የቱንም ያህል ፉርሽካ ብትበላ ወተቷ ይቀንሳል።

መግዛት ወይስ ማስደቀል

አቅም ለሌለው ሰው አስተማማኙ መንገድ በቤት ያለችውን ደህና የሐበሻ ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ማስደቀል ነው። የምትወለደው ጊደር ግማሽ ደሟ የፈረንጅ ይሆናል፤ በአገሩ አየርና በቤቱ አያያዝ ታድጋለች፤ እሷ እስክትደርስ ያሉት ሦስት ዓመታትም መኖ ለማሰናዳት ይበቃሉ።

የሚገዛ ሰው ግን ሻጩ ላሟን ሳያልብ አሳድሮ ጡቷን አሳብጦ ሊያቀርብ እንደሚችል ይወቅ። ማታና በማግሥቱ ጠዋት በራሱ እጅ ማለብ፣ አራቱም ጡቶች እኩል መውረዳቸውን፣ ወተቱ እንደማይቋጠርና ደም እንደሌለው ማየት፣ ጥርሷን ቆጥሮ ዕድሜዋን መገመት አለበት። ቢቻል የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግላት፤ ውጤቱ የሚነበበው ከ72 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ክፍያውን እስከዚያ ማቆየት ነው። ተመርምራም ቢሆን ወተቱን አፍልቶ መጠጣት ግድ ነው።

ስለ ደም መጠን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎች ደሙ በጨመረ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል ብለው ያስባሉ። የመጀመሪያዋ ዲቃላ ጥንካሬ የሚመጣው ግን ሁለት የተራራቁ ዘሮች ከመገናኘታቸው ነው፤ ሁለት ግማሽ ዲቃላዎች እርስ በርሳቸው ሲደቀሉ ልጃቸው የዚያን ጥንካሬ እኩሌታ ታጣለች። ደሙ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ላሟ የምትፈልገው መኖና ሕክምና ከአነስተኛ ገበሬ አቅም በላይ ይሆናል። በ50 እና በ75 በመቶ መካከል መቆየት ለገጠር በረት ይበቃል። ከመንደር ኮርማ ይልቅ አዳቃዩን፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅለውን ባለሙያ፣ መጥራት የሚመረጠውም፣ ያ ኮርማ የጊደሯ አባት ሊሆን ስለሚችል ነው። አዳቃዩ የተጠቀመበትን የኮርማ ቁጥር በደብተር ማስፈርም አባትና ልጅ እንዳይደቀሉ ይጠብቃል።

ድራት፣ እንገርና የጡት በሽታ

ዲቃላ ላም ከያዙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በረት ውስጥ ባልታየ ድራት፣ ማለትም ላሟ ኮርማ በምትፈልግበት ጊዜ፣ ነው። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይጀምራል። ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ መታገሥ ዋናው ምልክት ሲሆን፣ መጮህ፣ የወተት መቀነስና ጥርት ያለ የሚንጠለጠል ፈሳሽ ይከተሉታል። ጠዋት የታየች ላም ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትደቀላለች። አዳቃዩ ለብዙ ቀበሌዎች አንድ ሲሆን በሰንበትና በበዓል ላይገኝ ይችላል፤ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ተተኪውን ጭምር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ድራት ማሳለፍ የ21 ቀን ወተት ማጣት ነው።

ጥጃ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ የሚያህል እንገር፣ ማለትም 2 ሊትር ተኩል ወይም 3 ሊትር ማግኘት አለባት። እንገር ሆድ ያሳምማል ብሎ አልቦ መድፋት በአንዳንድ ቦታ እስካሁን ያለ ልማድ ሲሆን፣ ጥጆችን የሚፈጅ ልማድ ነው።

በማለቢያ ጊዜ ጡት ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጥቁር ዕቃ ላይ ታልበው ቋጠሮ እንዳላቸው ይታያል። ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ስለሚሆን፣ እንዳትተኛ መኖ ሰጥቶ ማቆም ቀላሉ መከላከያ ነው። የአባሰንጋ፣ የአባጎርባ፣ የአፍተግርና ላምፒ ስኪን የሚባለው የቆዳ በሽታ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል፤ ዲቃላዎች ለላምፒ ስኪን ከአገር ዘሮች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ወንዱ ጥጃና የጾም ወራት

ዲቃላ በሬ ሻኛው ትንሽ ስለሆነ ቀንበር ይንሸራተትበታል የሚለው የገበሬ ቅሬታ እውነትነት አለው። በዚህ ምክንያት የእርሻ በሬ ከአገር ዘር ይያዛል፤ ዲቃላው ወይፈን ደግሞ ለበዓል ገበያ ይደለባል። ሆለታ ላይ በዲቃላ ላሞች በራሳቸው ለማረስ የተሞከረበት ጊዜም ነበር፤ ገበሬው ግን ወተቷን እንጂ ጉልበቷን አልፈለገም።

የመጨረሻው ጉዳይ የወሊድ ጊዜ ነው። በክርስቲያን አካባቢ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ወራቱም መስኩ የሚደርቅበት፣ መኖ የሚወደድበት ነው። ላም ከመውለዷ በፊት 60 ቀን መንጠፍ ስላለባት፣ ይህን ዕረፍቷን ከጾሙ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የተደቀለች ላም ከዘጠኝ ወር በኋላ በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ትወልዳለች። ወተቷ ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጣራ ሲነካ ሰኔ ይገባል፤ ያኔ ፋሲካው አልፏል፣ ሣሩም በቅሏል። ጾሙን ነጥፋ ስታሳልፍ ግን በሆዷ ያለው ጥጃ በፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ፣ ወተት አልሰጠችም ተብሎ ፉርሽካዋ አይቋረጥም፤ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት እንዲያውም ቀስ በቀስ ይጨመርላታል። በፍልሰታና በነቢያት ጾም የሚተርፈውን ወተት ደግሞ ንጦ፣ ቅቤውን አንጥሮ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ገበያ ማቆየት ነው።