አሮጌ የጭቃ ማድ ቤት ካፈረሳችሁ በኋላ ፍርስራሹ አልወጣ ሲል

ጓሮ ያለውን የጭቃ ማድ ቤት ማፍረሱ ቀላል ነበር። ፍርስራሹ ግን ከግቢ አልወጣ አለ። የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ አበሉ ሄደ፣ ክምሩ ግን ያው ነው። ማፍረሱን ብቻ በቁርጥ የያዘው ሰው ደግሞ ቀድሞ አፍርሶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ባለ ገልባጩም እንጨትና ቆርቆሮ የተደባለቀበትን አፈር አልጭንም አለ።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም ለየብቻ አስለየሁ። ቆርቆሮውን ቆራሌው ወሰደው፣ ማገሩ ለማገዶ ሆነ። ከዚያ ከሌላ ሰው ጋር በጽሑፍ ተዋዋልን፦ የመሠረቱን ድንጋይ ነቅሎ፣ ጭኖ፣ ጠርጎ ሊያስረክብ፤ ግማሹ ክፍያ የመጨረሻው መኪና ከበር ሲወጣ። የት እንደሚደፋም ጠይቁ፤ መንገድ ዳር ከዘረገፈው ጣጣው የእናንተ ነው።

የቆርቆሮ ሚስማሩን መጥረጊያ አያነሳውም። የአሮጌ ስፒከር ማግኔት በሲባጎ አስሬ አፈሩ ላይ ጎተትኩት፤ ልቅም አደረገው።