ርቆ የሚጮኽ ውሻ፦ ቡችላን ለዱር አሳማ አደን ማሰልጠን

የዱር አሳማ የሚያድን ውሻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደፋር ነው ወይ?» ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው «ሲጠሩት ይመለሳል ወይ?» ብዬ ነው። ድፍረት የሚወረስ ነገር ነው፤ ከጥሩ አዳኝ ወላጆች የተወለደ ቡችላ ብዙውን ጊዜ ይዞት ይመጣል። መመለስን ግን ባለቤቱ ካላስተማረው ማንም አያስተምረውም። አሳማ ፊት ቆሞ ጌታውን የማይሰማ ደፋር ውሻ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሻ አሳማውን በአፍንጫው ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያም ዙሪያውን እየዞረ በመጮኽ አዳኙ እስኪደርስ ባለበት ያቆመዋል። ሌላው ከባድና መንጋጋው የጠነከረ ውሻ ነው፤ በመጨረሻ ይለቀቅና የአሳማውን ጆሮ ነክሶ ይይዛል። ካታሁላና ፕሎት ሃውንድ የተባሉት የውሻ ዘሮች በመጀመሪያው ሥራ የታወቁ ናቸው። አንቶኒዮ ኖሬስ ማርቲኔስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አርጀንቲና ኮርዶባ ውስጥ ማዳቀል የጀመረው ዶጎ አርጀንቲኖ ደግሞ ለሁለተኛው ይመረጣል። እዚህ የምጽፈው ፈልጎ ስለሚጮኸው ውሻ ብቻ ነው። የሚነክሰውን ውሻ ለጀማሪ አልመክርም፤ ቁስል መስፋትና ማከም የማይሰለቸው ሰው ይያዘው።

ስለ ዘር ስም ብዙ አትጨነቁ። ከተቻለ ወላጆቹን ሥራ ላይ ሄዳችሁ እዩ። ከቡችሎቹ መካከል አንዱን ስትመርጡ የብረት ሳህን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ ጣሉ። ደንግጦ ሸሽቶ ጥግ ውስጥ የሚቀረውን ተዉት። ደንግጦ ወዲያው ተመልሶ ሳህኑን የሚያሸተውን ውሰዱ። ጭራሽ የማይደነግጠውን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ አልወስደውም። የአሳማን ክራንቻ የሚያከብር ውሻ የሚወጣው ትንሽ ፍርሃት ካለበት ቡችላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። ክትባቱን የእንስሳት ሐኪሙ ባወጣው መርሐ ግብር እያስከተባችሁ ውኃ አስረግጡት፣ መኪና አስለምዱት፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይዛችሁት ግቡ። ዶሮ፣ በግ፣ ፍየልና ላም ደጋግሞ ይይ፤ በገመድ ተይዞ አጠገባቸው ጋደም ሲል አመስግኑት። የቤት እንስሳ ማሳደድ አንዴ ከጣመው ማስተው ከባድ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላችሁም እሱ ነው።

ጥሪውን በፊሽካ አስተምሩ። የሰው ድምፅ በንዴትና በድካም ይለወጣል፤ ፊሽካ ግን ንዴት አያውቅም፣ ጫካ ውስጥም ርቆ ይሰማል። መጀመሪያ ምግቡን ስታቀርቡለት ንፉ። ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ 10 ሜትር በሚሆን ረጅም ገመድ ሜዳ ላይ። ብዙ ሰው ውሻውን የሚያበላሸው ጨዋታው ሲያበቃ ብቻ በመጥራት ነው። ውሻ ቂል አይደለም፤ ፊሽካ ሲሰማ መታሰር እንደሚከተል በሁለት ቀን ይገባዋል። ስለዚህ ጥሩት፣ ሲመጣ ቁራሽ ሥጋ ስጡት፣ መልሳችሁ ልቀቁት። አብዛኛው ጥሪ በመለቀቅ ማለቅ አለበት።

ሣር ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ሳለ ስትነፉ አስተውሉት። አንድ ጆሮው ወደ እናንተ ይዞራል፣ ጅራቱ መወዛወዙን ያቆማል፣ እግሮቹ ግን ካሉበት አይነቃነቁም። ሰምቷል፤ እያመነታ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛ ከነፋችሁ፣ የመጀመሪያውን ጥሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንደሚቻል አስተማራችሁት። ፊሽካውን ከአፋችሁ አውጡ፣ ገመዱን አንሱ፣ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ በቀስታ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ሲደርስ በገዛ ፈቃዱ እንደመጣ ቆጥራችሁ አመስግኑት። የመጣን ውሻ፣ ምንም ያህል ቢያበሳጭ፣ አትቆጡት።

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱ ይቀየራል፤ ያኔ ጨርቅም ሆነ ቆዳ እያስነከሳችሁ አትጎትቱት። ትልልቅ ዘሮች አጥንታቸው ጠንቶ የሚያበቃው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ በመሆኑ ከዚያ በፊት ረጅም ሩጫና ከከፍታ መዝለል ይቅርባቸው።

አፍንጫውን ማሠራት

ዱካ መከተልን ቀደም ብሎ፣ እንደ ጨዋታ መጀመር ይቻላል። ጠጉሩ ያልተላጨ የአሳማ ቆዳ ቁራጭ በገመድ አስራችሁ ገመዱን ከረጅም ዘንግ ጫፍ ጋር አያይዙት። ዘንጉን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ስትሄዱ ቆዳው ከእግራችሁ ርቆ ይጎተታል። ይህ ካልሆነ ቡችላው የአሳማውን ሳይሆን የጫማችሁን ጠረን መከተል ይማራል። ስትመለሱም በሄዳችሁበት አትመለሱ፤ ዞር ብላችሁ በሌላ አቅጣጫ ኑ። ቆዳው ጤንነቱ ከተረጋገጠ አሳማ ይሁን፤ ውሻው እንዳያኝከው ተጠንቀቁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ዱካው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ሽልማት የራሱ ምግብ ነው።

መጀመሪያ 30 ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለ፣ ነፋሱ ከውሻው ጀርባ የሚነፍስ ይሁን። ነፋሱ ከፊት ከመጣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሽታውን ከአየር ይቀበልና ዱካውን ሳይነካ ይደርሳል። ቀጥ ያለውን ሲለምድ አንድ መታጠፊያ ጨምሩ፣ ከዚያ ርዝመቱን፣ ከዚያ ጊዜውን፤ ግማሽ ሰዓት የቆየ ዱካ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት፣ በኋላ ሌሊቱን የቆየ። ጤዛ ያለበት ጠዋት ጠረኑን ይይዛል፤ ደረቅ የቀትር መሬት ያጠፋዋል። ጀማሪን በቀትር መፈተን ተስፋ ከማስቆረጥ በቀር ጥቅም የለውም።

የአሰልጣኙ ትዕግሥት የሚፈተነው መታጠፊያው ላይ ነው። ቡችላው በሩጫ ያልፈዋል፣ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ መነጽሩ እንደጠፋበት ሰው ዙሪያውን ይቃኛል። እጃችሁ ሊጠቁመው ይቸኩላል። አትጠቁሙ፣ አትናገሩ፣ ባላችሁበት ቁሙ። ክብ እየሠራ ይመለሳል፤ ክቡ ዱካውን ሲያቋርጥ ራሱን በድንገት ወደ ጎን ያዞርና ጅራቱ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ያንን መታጠፊያ በራሱ ያገኘ ውሻ በሚቀጥለው የእናንተን ፊት አይመለከትም። ያሳያችሁት ውሻ ግን ሁልጊዜ ይመለከታል።

የተኩስን ድምፅ የማስለመዱ ሥራ አጭር ነው፦ እየበላ ወይም ዱካ ላይ ተጠምዶ ሳለ ሌላ ሰው ከሩቅ ይተኩስ፤ ካልደነገጠ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቅረብ። ከደነገጠ ርቀቱን እንደገና አስፉ።

ከአሳማ ጋር መተዋወቅ

ከዚህ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ አጣሩ። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የዱር አጥቢ እንስሳትን በውሻ ማደንን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ይከለክላል። ጀርመን ውስጥ በአንጻሩ ወጣት ውሾች በባለሙያ ክትትል ከዱር አሳማ ጋር የሚተዋወቁባቸው የታጠሩ ቦታዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ ሌላ መንገድ አትፈልጉ።

የመጀመሪያው መተያየት በአጥር ማዶና ማዶ ይሁን፣ ውሻውም በገመድ ይያዝ። አሳማው መጠኑ መካከለኛ፣ መሸሻ ሰፊ ቦታ ያለው መሆን አለበት። ጥግ የተያዘ አሳማ ይዋጋል፤ እኛ ደግሞ ውጊያ አንፈልግም። የጀርባው ጠጉር ቆሞ፣ ርቀቱን ጠብቆ ከጮኸ የምትፈልጉት ያ ነው፤ በለሆሳስ አበረታቱት። ዘሎ ሊነክስ ከሞከረ ገመዱ ያስቆመው፣ ሲረጋጋና ሲጮኽ ብቻ ወደ ፊት ፍቀዱለት። ጅራቱን ቆልፎ እግራችሁ ሥር ከገባ ምንም ሳትሉ አውጡትና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞክሩት። ያም ሆነ ይህ ከጥቂት ደቂቃዎች አይብለጥ፤ ገና እየፈለገ ሳለ ይውጣ። ታግሎ ይማር ብሎ ወጣት ውሻን ትልቅ ወንድ አሳማ ላይ የሚለቅ ሰው ያጋጥማችኋል፤ ምክሩን አትስሙ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ የበሰለ ውሻ ነው። ሁለት ጀማሪ አንድ ላይ መልቀቅ እብደትን ማባዛት ነው። ወጣቱ ከአዛውንቱ ርቀት መጠበቅን ያያል፦ አሳማው ሲዞር እንዴት ወደ ኋላ እንደሚል፣ ጀርባውን ሲሰጥ እንዴት እንደሚቀርብ። ነገር ግን ሁልጊዜ አብረው አይውጡ። አንዳንዱ ወጣት የአዛውንቱን ጅራት እንጂ የአሳማን ዱካ መከተል አይማርም፤ ስለዚህ በየመሐሉ ብቻውን ይሥራ።

ጫካ ውስጥ

የወንዱ አሳማ የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ጋር እየተፋተገ ሁልጊዜ ስለት ይኖረዋል። የሚመታውም ከታች ወደ ላይ እየቀደደ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ወፍራም ጋሻ መሰል ሽፋን ደግሞ ንክሻን ብዙም አያስገባም። ሴቷ በበኩሏ ትናከሳለች፤ ግልገል ካላት አትንኩ፣ ውሻውንም ጠርታችሁ ሂዱ።

ኬቭላር ከተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ መከላከያ ሰደርያ ደረትንና አንገትን ያድናል፤ እግርን ግን አያድንም፣ ሙቀትም ያፍናል። የጂፒኤስ መከታተያ ያለው የአንገት ማሰሪያ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። ውሻው ጮኾ አሳማውን ሲያቆም በሩጫ አትሂዱ፤ ነፋሱን ከፊት አድርጋችሁ በቀስታ ቅረቡ። ውሾቹ የት እንዳሉ ሁሉንም ሳታዩ፣ ከአሳማው ጀርባ ያለውን ሳታውቁ አትተኩሱ። የሚሻለው ፊሽካ ነፍቶ ወጣቱን ማስመለስና ማሰር ነው። የወራቱ ሥራ የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ካልመጣ ለመሣሪያ አልደረሰም፣ ወደ ረጅሙ ገመድ ይመለስ።

የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ምላሱ ሰፍቶ ቢንጠለጠል፣ ቢንገዳገድ፣ ድዱ ደም ቢመስል አደኑ አብቅቷል፤ ውኃ አፍስሱበት፣ ነፋስ ይንካው፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከመውጣቱ በፊት ብዙ አታብሉት፤ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች በጠገበ ሆድ ከሮጡ ጨጓራቸው ሊታጠፍ ይችላል።

ከአደን ሲመለስ መላ አካሉን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ብብቱን፣ የጭኑን ውስጥ፣ ሆዱን። የክራንቻ ቁስል ከላይ ጠባብ ቀዳዳ ይመስላል፣ ከቆዳው ሥር ግን ሰፊ ኪስ ይከፍታል። በንጹሕ የጨው ውኃ አጥባችሁ ለሐኪም አሳዩ። ደረቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ወዲያው ሂዱ። አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አትመልሱ፤ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱትና ሂዱ።

የአሳማውን ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ በሽልማት ስም ለውሻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም አላዳር አውየስኪ በ1902 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ በስሙ የሚጠራው በሽታ በአሳማ ውስጥ ቀላል ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ወደ ውሻ ሲተላለፍ ግን ፋታ የማይሰጥ ማሳከክና ልጋግ ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ይገድላል፣ መድኃኒትም የለውም። ከቆዳው ጋር ተጠንቀቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ብሩሴሎሲስ የተባለው ሌላው የአሳማ በሽታ ደግሞ ለሰውም ይተላለፋል፤ አሳማ ስትገፍፉ ጓንት አጥልቁ። ሥጋውን የምትበሉ ከሆነ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል፤ ትሪኪኔላ የተባለው ጥገኛ ትል በዚህ ሙቀት ይሞታል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታና የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባቱን ያሟላ።

በማግስቱ አሳርፉት። መዥገሩን ልቀሙ፣ ከጣቶቹ መሐል እሾህ ፈልጉ፣ ሲነሳ የቱን እግሩን እንደሚያስቀድም እዩ። እግሩ ካነከሰ የሚቀጥለው አደን ይለፈው፤ ያለ እሱ ሂዱ ወይም ቤት ቅሩ።